ሥዕልን ማንበብ

ፊደል የቆጠረው ካህኑና ደብተራው፥ ከመኳንንቱም ልጆች ጥቂቱ ብቻ በነበረበት ዘመን፥ ምእመናን ከብሉይና ከሐዲስ የሚያውቁት በጆሯቸው ከሰሙት ስብከት ሌላ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ በዓይናቸው ያዩትን ነበረ። ሥዕሉም የራሱ ሕግና ሥርዓት ስለ ነበረው፥ ሕጉን ያልተማረ ሰው ቀለሙን ቢያደንቅ እንጂ ምስጢሩን አያገኝም ነበር።

ጻድቁ ፊቱን ሙሉ አድርጎ በሁለት ዓይኑ ሲመለከት፥ ዲያብሎስና ጌታን የገረፉት ጭፍሮች ግን በጎን ተሥለው አንድ ዓይን ብቻ ይታያቸዋል፤ ስለዚህ ሕፃን እንኳ ስም ሳይነገረው ቅዱሱን ከርኩሱ ይለያል። በመቅደሱ መዝጊያዎች ላይ ሰይፍ የመዘዙ መላእክት መቆማቸው፥ የቦታውን ክብርና የገቢውን ፍርሃት ያስተምራል። በጣና ደሴት በናርጋ ሥላሴም እቴጌ ምንትዋብ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው መሣላቸው፥ ንግሥቲቱ በእመቤታችን ፊት ምን እንደ ሆኑ ያለ ቃል ይናገራል።

ከሁሉም ይልቅ የበላዔ ሰብ ሥዕል ዓይንን ያሠለጥናል። 78 ነፍስ የበላው ያ ሰው በአንድ ሥዕል ላይ ደጋግሞ ይታያልና፥ ተመልካቹ ከግድያው ተነሥቶ፥ በማርያም ስም ለተጠማው ለምጻም ጥርኝ ውሃ እስከ ሰጠበት፥ ከዚያም ነፍሱ እስከ ተመዘነችበት ድረስ ታሪኩን በቅደም ተከተል መከተል አለበት፤ በመጨረሻም የእመቤታችን ጥላ በየትኛው የሚዛን ወገን እንዳረፈ ካላስተዋለ፥ ውሃው ስለ ምን እንደ ከበደ አይገባውም።

ከቤተ ክርስቲያን ሣዕልያን ቤተ ሰብ የተወለዱት፥ በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ ተምረው የተመለሱት አለ ፈለገ ሰላም፥ በ1950 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ባቋቋሙ ጊዜ፥ ተማሪው የብርሃንንና የጥላን፥ የቅርብንና የሩቅን ሥርዓት መማር ጀመረ። ከዚህም የተነሣ አንዳንዱ ዘመናዊ ተመልካች የቀደሙትን ሣዕልያን ጥላና ርቀት አላወቁም ብሎ ይነቅፋቸዋል፤ ነገር ግን እነርሱ ያልፈለጉትን አልሠሩም ብሎ መክሰስ፥ የግእዙን ቅኔ በአማርኛ ሰዋስው እንደ መፍረድ ነው። እንግዲህ መምህር ተማሪውን በሥዕል ፊት ሲያቆም፥ «ያምራልን?» ብሎ ከመጠየቁ አስቀድሞ «በምን ሕግ ተሠራ?» ብሎ ይጠይቀው፤ ሕጉን ያወቀ ተማሪ ለማድነቅም ሆነ ለመንቀፍ በቂ ሥልጣን ይኖረዋልና።