ኃይሌ ፊዳና ያቺ ሁለት ዓመት ተኩል

ዛሬ ረጅም ነው። ከአቦል ጀምራችሁ በረካ ላይ ትጨርሱታላችሁ።

ባለፈው የመሬት አዋጁን ቀን አስመልክቼ የለጠፍኩት ጽሑፍ ሥር ሁለት የቀድሞ ተማሪዎቼ ተጣሉ። አንዱ «ኃይሌ ፊዳ ትውልዱን ለደርግ አሳልፎ የሰጠ ሰው ነው» አለ። ሌላዋ «አንተ ዛሬ የቡና ማሳ ያለህ በእነሱ ትግል ነው» ብላ መለሰችለት። ቀጥሎ ሌሎች ገቡና የሰውየውን ዘር መቁጠር ጀመሩ፤ እኔም ኮመንቱን ዘጋሁት። ሁለቱም ልጆች ጎበዞች ነበሩ፣ ክፍል ውስጥም ይከራከሩ ነበር። ግን አንዳቸውም ሰውየው መቼ ምን እንዳለ፣ መቼ ምን እንዳደረገ በተራ አላስቀመጡም። ታሪክ ደግሞ ተራው ከጠፋ ስድብ ብቻ ነው የሚተርፈው። እስቲ በተራው እንሂድ።

ኃይሌ ፊዳ የወለጋ አርጆ ልጅ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገብቶ ጂኦሎጂ ተማረ፤ ከዚያ ለትምህርት ወደ ፈረንሳይ ሄደ። በአውሮፓ የኢትዮጵያ ተማሪዎች ማኅበር ውስጥ ስሙ የወጣው እዚያ ነው። ነሐሴ 1960 ዓ.ም. ጀርመን ሀምቡርግ ላይ የመላ ኢትዮጵያ ሶሻሊስት ንቅናቄ፣ መኢሶን፣ በምስጢር ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዱ ነበር። በዚያ የስደት ጊዜ ሌላም ሥራ ሠርቷል፤ የኦሮምኛን ሰዋስው በላቲን ፊደል ጽፎ በፈረንጅ 1973 አሳተመ። ይህቺን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

አሁን ወደ እኛ አገር ወደ ቡናው ምድር ልምጣ። ያለ መሬት ጥያቄ የዚህ ሰው አቋም አይገባም። የያኔው ከፋ ጠቅላይ ግዛት፣ ጊሚራ አውራጃ፣ ሚዛን ተፈሪ… ከተማችን እስከ ዛሬ የምትጠራው በማን ስም እንደሆነ ታውቃላችሁ። ከምኒልክ ዘመቻ በኋላ እዚህ የመጣው የገባር ሥርዓት ከሌላው ቦታ የከፋ ነበር። ሰውም ጭምር ተፈንግሎ የሚሸጥበት፣ መንደር ሙሉ ባዶ የሚቀርበት ዘመን ነበር። ገባርነት በስም ቀርቶ ጭሰኝነት ሲተካም ለአራሹ ለውጡ ብዙም አልነበረም። አያቴ በልጅነቱ የለቀመው ቡና ተመዝኖ የሚገባው ጌታው ቤት ነበር። ሲሶ ይሁን እኩል የሚወስነው ባለመሬቱ ነው፤ አያቴ የሚመርጠው ነገር ቢኖር ቅርጫቱን ብቻ ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ሻረው። የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ፤ ጭሰኛው ከኪራይና ከዕዳ ነፃ ወጣ፤ አንድ ቤተሰብ የሚይዘው ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ሰፋፊዎቹ እርሻዎች ወደ መንግሥት ዞሩ። ታኅሣሥ ላይ በዕድገት በኅብረት ዘመቻ የወጡት 60 ሺህ ገደማ ተማሪዎችና አስተማሪዎች ገበሬውን በማኅበር ማደራጀት ጀመሩ። በእኛው ክፍለ ሀገር ጅማ ላይ ዘማቾችና ፖሊስ ተጋጭተው ደም እስከ መፍሰስ ደርሷል፤ ዘማቹ ከአዋጁ ቀድሞ መሮጥ ስለፈለገ።

የኃይሌ ፊዳ ታሪክ ከዚህ ጋር የሚገጥመው እንዲህ ነው። ደርግ ሥልጣን ሲይዝ መኢሶንም እንደ ሌላው ግራ ክንፍ ይቃወም ነበር፤ የሕዝብ መንግሥት ይቋቋም ይል ነበር። ኃይሌና ጓዶቹ በ1967 አጋማሽ ላይ ወደ አገር ቤት ሲገቡና የመሬት አዋጁ ሲወጣ አቋማቸው ተለወጠ። «ሂሳዊ ድጋፍ» አሉት፤ ደርግ ትክክል ሲሠራ እንደግፈዋለን፣ ሲሳሳት እንተቸዋለን፣ በመሀል ሕዝቡን እናነቃለን፣ እናደራጃለን፣ እናስታጥቃለን ነው ነገሩ። ወታደሩ ንድፈ ሐሳብ የለውም፣ ድርጅት የለውም፤ እኛ አለን፤ ጊዜ ካገኘን ሥልጣኑ በራሱ ጊዜ ወደ ተደራጀው ሕዝብ ይሸጋገራል ብለው አሰቡ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ኃይሌ ሲመጣ ስልሳዎቹ ባለሥልጣናት ከተገደሉ ወራት አልፈዋል። ኅዳር 14 ቀን 1967 ነው የተረሸኑት፤ ያለ ፍርድ። ስለዚህ «ደርግ ምን እንደሆነ አያውቅም ነበር» የሚል ጥብቅና አይሠራም፤ ያውቅ ነበር። አውቆ ነው የተወራረደው። ውርርዱ ግን የሞኝ ውርርድ ብቻም አልነበረም። ለመቶ ዓመት ያህል በዚህ ምድር ማንም ያላደረገውን አንድ ወረቀት ሲያደርገው አይቷላ! አያቴን የመሰለ ሰው ነፃ ያወጣን መንግሥት በአንድ ቃል «ፋሺስት» ብሎ መዝጋት ለእሱ ቀላል አልነበረም።

ኢሕአፓ ግን ዘጋው። እነ ተስፋዬ ደበሳይና ብርሃነመስቀል ረዳ «ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት አሁኑኑ» አሉ። ሁለቱም ወገን ማርክስን ያነበበ፣ ሁለቱም «መሬት ለአራሹ» ብሎ የጮኸ፣ ብዙዎቹም በአንድ ዶርም ያደሩ ሰዎች ናቸው። የተለያዩት አንዲት ጥያቄ ላይ ነው፤ ከጠመንጃ ያዡ ጋር ይሠራል ወይስ አይሠራም? ለተማሪዎቼ ሁሌ የምለው ነው፤ ያ ሁሉ ሬሳ የወደቀው በዚህች ጥያቄ ዙሪያ ነው።

ጥያቄዋ የእኛ ብቻ አልነበረችም። በዚያው በ1966 ዓ.ም. ሚያዝያ 17 ቀን ፖርቱጋል ውስጥ ወጣት መኮንኖች ተነሥተው የቆየውን አምባገነን መንግሥት ገለበጡ። አንጎላ፣ ሞዛምቢክና ጊኒ ቢሳው ውስጥ መዋጋት ሰልችቷቸው ነበር፤ ማለት አፍሪካውያኑ ናቸው ያደከሟቸው። በሳምንቱ የኮሚኒስት ፓርቲው ዋና ጸሐፊ አልቫሮ ኩኛል ከስደት ገባ። አሥራ አንድ ዓመት ታስሮ ከእስር ቤት ያመለጠ ሰው ነው። እሱም እንደ ኃይሌ ከወታደሮቹ ጋር መሥራትን መረጠ፤ ያለ ሚኒስቴር ሚኒስትር ሆኖ ካቢኔ ገባ። ግን በዓመቱ ምርጫ ተደረገና ሕዝቡ ለፓርቲው ከመቶ 12 ተኩል ገደማ ድምፅ ሰጠው። የጠበቀውን ያህል አልነበረም፤ ቢሆንም ልኩን አወቀ። ወታደሩም ውሎ አድሮ ወደ ሰፈሩ ተመለሰ። ኩኛል በፈረንጅ 2005 በ91 ዓመቱ ሲሞት በሕዝብ ጎርፍ ታጅቦ ተቀበረ።

ኃይሌን የመዘነ ምርጫ አልነበረም። መኢሶን ስንት ደጋፊ አለው? ኢሕአፓስ? የሚቆጥር ሣጥን ስላልነበረ የሚቆጠረው ጥይት ሆነ።

ሚያዝያ 1968 የብሔራዊ ዴሞክራሲያዊ አብዮት ፕሮግራም ታወጀ። በዚያው ወር የሕዝብ ድርጅት ጉዳይ ጊዜያዊ ጽሕፈት ቤት ተቋቋመና ኃይሌ ሊቀመንበሩ፣ የወዝ ሊጉ ሰናይ ልኬ ምክትሉ ሆኑ። የኃይሌ እጅ ከፍ ያለበት ጊዜ ይህ ነው። የካቲት 66 የፖለቲካ ትምህርት ቤት፣ ካድሬው፣ በየክፍለ ሀገሩ የተከፈተው ጽሕፈት ቤት፣ «የሰፊው ሕዝብ ድምፅ» የሚባለው የድርጅቱ ጋዜጣ። የአገሪቱ የፖለቲካ ቃላት በሙሉ ከእነሱ ቢሮ ይወጡ ነበር ማለት ይቻላል። ፕሮግራሙ የብሔረሰቦችን የራስን ዕድል በራስ የመወሰን መብት አውቆ፣ መፍትሔው ውስጣዊ ራስ ገዝ ነው ይላል። ዛሬ በደቡብ ምዕራብ ክልል ውስጥ ቁጭ ብለን ስናነበው አዲስ አይመስልም፤ በ1968 ግን የመንግሥት ወረቀት ላይ እንዲህ ያለ ቃል ማየት ትልቅ ነገር ነበር።

ችግሩ ቃሉ የእነሱ፣ ጠመንጃው የሌላ መሆኑ ነው። 1969 ሲገባ ኢሕአፓ ከተማ ውስጥ መግደል ጀመረ፤ ከመኢሶን መሪዎች ፍቅሬ መርዕድ በጥይት ወደቀ። መንግሥቱ ኃይለ ማርያምም ቆሰለ። ጥር 26 ቀን መንግሥቱ ጄኔራል ተፈሪ በንቲንና ሌሎችን ገድሎ ብቻውን ወጣ፤ ሰናይ ልኬም በዚያው ዕለት ሞተ። ከዚያ በኋላ ቀይ ሽብር።

እዚህ ላይ ለኃይሌ አላዝንለትም። መኢሶን «ሕዝቡ ይታጠቅ» እያለ ሲጠይቅ ከርሟል፤ የቀበሌ አብዮት ጥበቃ ሲታጠቅ ብዙ ቀበሌዎች ውስጥ የእሱ ሰዎች ነበሩ። አሰሳ ሲደረግ ዝርዝር ይዘው ቆመዋል። ሚያዝያ 1969 አዲስ አበባ ውስጥ ወጣቶች በአንድ ሌሊት በጅምላ ሲጨፈጨፉ መኢሶን ገና የመንግሥት አጋር ነበር። «ኢሕአፓ ነው የጀመረው» የሚለው መልስ የማን ጥይት እንደቀደመ ይነግረን ይሆናል፤ የ16 ዓመት ልጅ በራሪ ወረቀት ስለያዘ መገደሉን ግን አያስረዳም። ሂሳዊ ድጋፍ ብለው ከጀመሩ፣ ሂሱ መውጣት የነበረበት ያን ጊዜ ነበር።

ሂሱ የመጣው በራሳቸው ሲደርስ ነው። መንግሥቱ የራሱን ድርጅት ሰደድን አሳድጎ ነበር፤ ካድሬ ማሠልጠኑን፣ ጋዜጣውን፣ ቃሉን ሁሉ ከእነሱ ተምሯል። ተማሪው አስተማሪውን አላስፈለገውም። ነሐሴ 1969 የሶማሊያ ጦር ኦጋዴን ውስጥ ሲገፋ መኢሶን ከደርግ ተለይቶ ኅቡዕ ገባ። ደርግ በአገር ላይ የተፈጸመ ክህደት አለው። ኃይሌ ከአዲስ አበባ ብዙም ሳይርቅ ተያዘ። በየክፍለ ሀገሩ የነበሩት ካድሬዎችም አንድ በአንድ ተለቀሙ፤ ትናንት ስብሰባ የመሩበት አዳራሽ ውስጥ ታሰሩ።

በ1971 ያለ ፍርድ ተገደለ። ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስም ያለ ፍርድ የተገደሉት በዚያው ሰሞን ነው። ኮሚኒስቱና ፓትርያርኩ! አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በልዑል ራስ አሥራተ ካሳ ግቢ ተቆፍሮ ነው።

ያቺን ያዙልኝ ያልኳችሁን የሰዋስው መጽሐፍ አልረሳኋትም። በዚያው ዓመት፣ ሐምሌ 1971፣ ደርግ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻን ጀመረ። በጥቂት ቋንቋዎች ተነሥቶ እስከ 15 ደረሰ፤ ከፊኛ ከሞቻ ጋር ተደርቦ አንዱ ነበር፣ ቤንችኛ አልገባም። ሁሉም የተጻፉት በግዕዝ ፊደል ነው። ኃይሌ ለኦሮምኛ የመረጠው የላቲን ፊደል በይፋ የገባው እሱ ከሞተ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1984 ነው። ዛሬ በእኛ ዞን የአንደኛ ክፍል ልጅ ቤንችኛን በላቲን ፊደል ሲያነብ የዚያ ክርክር ተከታይ ነው። ምርጫው ትክክል ነው አይደለም የሚለውን ለቋንቋ አስተማሪዎች ልተወው፤ ስታፍ ሩም ውስጥ ሲነሣ እንኳ ሻይ ይቀዘቅዛል።

እና ለሁለቱ ተማሪዎቼ፦ አንተ «አሳልፎ ሰጠ» ያልከው፣ የ1969ን ኃይሌ ከሆነ ማስረጃ አለህ፤ ተከራከር። አንቺ «ታገለልህ» ያልሽው፣ የ1960ን እና የ1967ን ኃይሌ ከሆነ አንቺም ማስረጃ አለሽ። አርጆ ተወለደ የሚለው ግን ለማናችሁም ማስረጃ አይሆንም። ከመኢሶን ወገን የአንዳርጋቸው አሰግድን «በአጭር የተቀጨ ረጅም ጉዞ»፣ ከኢሕአፓ ወገን የክፍሉ ታደሰን «ያ ትውልድ» ጎን ለጎን አንብቡ። አንዱን ብቻ ያነበበ ሰው ኮመንት ላይ እንዳይመጣብኝ።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። ሚዛን፣ አማን፣ ቴፒ፣ ሸኮ፣ ቦንጋ ያላችሁ፤ ቤታችሁ ሣጥን ውስጥ የዘመቻ መታወቂያ፣ የገበሬ ማኅበር ደረሰኝ ወይም ማኅተም ያለበት የ1967 እና የ68 ወረቀት ካለ ፎቶ አንሥታችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። ስም ያለበት ከሆነ ስሙን ሸፍኑት። ለዘንድሮ የ11ኛ ክፍል ልጆች ላሳያቸው ነው፤ ዋናውን እናንተው ጋ አስቀምጡት፣ አይጥ እንዳይበላው።