የመንገደኛ መልክ የማን ነው?

ማንም ሰው ወደ ገበያ ወይም ወደ አደባባይ ሲወጣ ፊቱን ሸፍኖ አይወጣም። አላፊ አግዳሚው ሁሉ ያየዋል፤ ስላየውም የሚከሰስ የለም። ነገር ግን ያየው ሰው መልኩን በፎቶግራፍ አንሥቶ ቢወስደውስ? ወስዶም ቢሸጠው ወይም በግድግዳ ላይ ቢሰቅለውስ? ይህ ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ሆኖም ታላላቅ ዳኞችን አከራክሯል፥ የብዙ አገሮችንም ሕግ አስለውጧል። እኛም ታሪኩን ከመነሻው ጀምረን ባጭሩ ለመተረክ አስበናል። የኢትዮጵያ ነው ካላልን በቀር የምንጽፈው ዓመት እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ነው።

የፈረንሳዊው የዳጌር ጥበብ በ1839 በፓሪስ ይፋ በሆነ ጊዜ ጥያቄው ገና አልተወለደም ነበር። በዚያ ዘመን አንድ ፎቶግራፍ ለማንሣት ብዙ ጊዜ ይፈጅ ስለ ነበር ተነሺው ሳይነቃነቅ መቀመጥ ግዴታው ነበር፤ በመንገድ የሚሄድ ሰው ግን በሥዕሉ ላይ አይቀረጽም ነበር። እንግዲህ ሰውን ያለ ፈቃዱ ማንሣት አስቸጋሪ ነበር ማለት ነው። መንገደኛውን ይጠብቀው የነበረው ሕግ ሳይሆን የመሣሪያው ዝግታ ነው።

ይህን ጠባቂ ያስወገደው በአሜሪካ በሮቼስተር ከተማ ይኖር የነበረው ጆርጅ ኢስትማን ነው። በ1888 ኮዳክ የተባለውን ትንሽ ካሜራ በ25 ዶላር ለገበያ አቀረበ። በውስጡ ለ100 ፎቶግራፍ የሚበቃ ፊልም ነበረበት፤ ሲያልቅም ባለቤቱ ካሜራውን እንዳለ ወደ ፋብሪካው ይልከው ነበር። በ1900 ደግሞ ብራውኒ የተባለው ካሜራ በ1 ዶላር ተሸጠ። ከዚህ በኋላ ማንም ሰው ፎቶግራፍ አንሺ ለመሆን ቻለ፤ ማንም መንገደኛም ሳያውቅ ተነሺ ሆነ።

በ1890 ሳሙኤል ዋረንና ሉዊስ ብራንዳይስ የተባሉ ሁለት የሕግ ሰዎች፥ በቅጽበት የሚነሣ ፎቶግራፍና ጋዜጣ ወደ ሰው የግል ኑሮ እየገቡ መሆናቸውን ገልጸው፥ ሕግ ሰውን በሰላም የመተው መብት ሊያውቅለት ይገባል ሲሉ በሃርቫርድ የሕግ መጽሔት ጻፉ። ይህ ግን የሊቃውንት አሳብ እንጂ ሕግ አልነበረም።

ነገሩ ጎልቶ የታየው እዚያው በኢስትማን ከተማ፥ በሮቼስተር ነው። አቢጌል ሮበርሰን የተባለች፥ ለአካለ መጠን ያልደረሰች ልጃገረድ፥ ፎቶግራፏ ሳትጠየቅ የዱቄት ማስታወቂያ ሆኖ አገኘችው። 25,000 ያህል ቅጂ ታትሞ በየሱቁና በየመጠጥ ቤቱ ተሰቅሎ ነበር። የሚያውቋት ሰዎች ስላፌዙባት በኀፍረት ታማ እስከ መተኛት እንደ ደረሰች ገልጻ የ15,000 ዶላር ካሣ ጠየቀች። የኒው ዮርክ የበላይ ፍርድ ቤት በ1902 በ4 ድምፅ በ3 ክሱን ውድቅ አደረገ። ፍርዱን የጻፉት ዳኛ አልተን ፓርከር፥ እንዲህ ያለ መብት በቀድሞ ሕግ እንደማይገኝ፥ ቢፈቀድም ክሱ ማለቂያ እንደማይኖረው ተናገሩ። ሥዕሉ መልኳን የሚያሳምር እንጂ የሚያዋርድ አይደለም የሚል አሳብም ነበራቸው። ልጅቱ ያዘነችው ግን ሥዕሉ አስቀያሚ ስለ ሆነ ሳይሆን መልኳ የሌላ ሰው ሸቀጥ ስለ ሆነ ነው።

ሕዝቡ በፍርዱ ስለ ተቈጣ የኒው ዮርክ ምክር ቤት በ1903 አዲስ ሕግ አወጣ። በዚህ ሕግ የሰውን ስም ወይም ሥዕል ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ለማስታወቂያ ወይም ለንግድ ማዋል ተከለከለ። ታሪክ ደግሞ የራሷን ፍርድ ጨመረች። ፓርከር በ1904 ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ ፎቶግራፍ አንሺዎች ስለ ከበቧቸው አምርረው ተቃወሙ። ያን ጊዜ ሮበርሰን በጋዜጣ ደብዳቤ አውጥታ፥ እንዲህ ያለ መብት እንደሌለ የፈረዱት እርስዎ ራስዎ ነዎት ስትል አስታወሰቻቸው።

ይሁን እንጂ የ1903ቱ ሕግ የሚጠብቀው ከነጋዴ ነው። ፊሊፕ ሎርካ ዲኮርሲያ የተባለ ፎቶግራፍ አንሺ ከ1999 እስከ 2001 በኒው ዮርክ አደባባይ መብራት ሰቅሎ መንገደኞችን ሳያውቁ አነሣ። ከተነሡት አንዱ ሃይማኖቱ ሥዕልን የሚከለክለው አረጋዊ አይሁዳዊ ነበር፤ ፎቶግራፉም በኤግዚቢሽን ቀርቦ በብዙ ሺህ ዶላር ተሸጠ። ሽማግሌው ቢከስም በ2006 ፍርድ ቤቱ፥ የኪነ ጥበብ ሥራ ቢሸጥም እንደ ተራ ንግድ አይቈጠርም ብሎ ለፎቶግራፍ አንሺው ፈረደለት።

በጀርመን መንገዱ ሌላ ነው። በ1898 ቢስማርክ በሞተ ሌሊት ሁለት ሰዎች በድብቅ ገብተው አስከሬኑን ፎቶግራፍ አነሡ። ከዚያ በኋላ በ1907 የወጣው ሕግ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ የሰውን መልክ ማሰራጨትንና በአደባባይ ማሳየትን ከለከለ።

የአገራችን ሕግም ወደዚህኛው ያደላል። ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁትና በ1952 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ፥ በ27ኛው አንቀጽ የሰውን ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ መስቀልን፥ ማባዛትንና መሸጥን ይከለክላል። 28ኛው አንቀጽ ግን ለታወቁ ሰዎች፥ ለፍትሕ፥ ለትምህርትና በአደባባይ ለተፈጸመ ነገር በሩን ይከፍታል።

ይህ በር እንዲሁ የተከፈተ አይደለም። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሐመድ አሚን በኮረም ያነሣው ፊልም ባይታይ ኖሮ ዓለም ለተራበው ወገናችን ያን ያህል ፈጥኖ ባልደረሰለትም ነበር። ስለዚህ ፎቶግራፍ ሁሉ ይከልከል አንልም። ነገር ግን ፊታቸው በዓለም ሁሉ ከታየው እናቶች የስንቶቹ ስም ተጠየቀ? እኛ ከዚህ ታሪክ የተማርነው ይህን ነው፤ ሕግ የሚጠይቀው ሥዕሉ የት ተሰቀለ፥ ለምን ዋለ ብሎ ነው፤ ኅሊና ግን፥ ያ ሰው ማን ይባላል፥ ጠይቀኸዋልን? ይላል። በሕግ ነፃ የሆነ ሁሉ በኅሊና ነፃ አይደለም።

ዛሬ በእያንዳንዳችን እጅ ያለው ስልክ ከኢስትማን ካሜራ እጅግ የበረታ ነው። የኔ ቢጤውን፥ እብዱን፥ ሐዘንተኛውን ሳንጠይቅ አንሥተን በደቂቃ ውስጥ ለዓለም ማሳየት እንችላለን፤ እነርሱ ግን እንደ ሮበርሰን ጠበቃ የሚያቆሙበት ገንዘብ የላቸውም። ስለዚህ፥ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፥ ከማንሣታችን በፊት ሰላምታ እናቅርብ፥ ስሙንም እንጠይቅ። እምቢ ቢለንም፥ በእግዚአብሔር አምሳል የተፈጠረው መልክ የእርሱ ነውና፥ አመስግነን እንለፍ።