«ዳፕ» የምንለው ማዳበሪያ ከየት መጣ?

የመንጌና የአካባቢዋ አርሶ አደሮች፣ ማሳ ለማሳ ስንዞር «ዳፕ መጣ ወይ?» ትሉናላችሁ። ዳፕ ግን ቀርቶ ለዓመታት ይመጣ የነበረው ኤንፒኤስ ነው። ልዩነቱ የስም ብቻ ስላልሆነ ታሪኩን ከሥሩ እንየው።

የሰብልን ሥር የሚያጠነክረው ፎስፈረስ የሚገኘው ከድንጋይ ነው። ድንጋዩ በውሃ ስለማይሟሟ ሰብል በቀላሉ አያገኘውም። እ.ኤ.አ. በ1842 ጆን ሎውስ የተባለ እንግሊዛዊ አጥንትንና ይህን ድንጋይ በሰልፈሪክ አሲድ (የመኪና ባትሪ ውስጥ የሚገባው ማለት ነው) አሟሙቶ ለሰብል የሚመች ማዳበሪያ የመሥራት መብት አስመዘገበ። ይህ ሱፐርፎስፌት ይባላል። ኋላ ላይ ድንጋዩን በፎስፎሪክ አሲድ በማሟሟት ጠንከር ያለው ትሪፕል ሱፐርፎስፌት (ቲኤስፒ) ተሠራ። ፎስፎሪክ አሲዱ ከአሞኒያ ጋር ሲዋሃድ ደግሞ ዳፕ ሆነ። ዳፕ ላይ ድኝ (ሰልፈር) የለም፤ ኤንፒኤስ ላይ አለ።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ እ.ኤ.አ. በ1967 በዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ድጋፍ የማዳበሪያ ሠርቶ ማሳያ ተጀመረ። በዚያው ዓመት በስዊድን እርዳታ አርሲ ጭላሎ ላይ «ካዱ» ተቋቋመ። በ1971 ሚኒመም ፓኬጅ የተባለው ፕሮግራም ማዳበሪያን መኪና መንገድ ወዳለባቸው ሌሎች ወረዳዎች አደረሰ። ከዚያ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት ማዳበሪያ ማለት ዳፕና ዩሪያ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ የአገሪቱ አፈር ካርታ ሲሠራ ብዙ ቦታ ድኝና ቦሮንም እንደጎደለ ታየ። ዳፕ በኤንፒኤስ የተተካው በዚህ ምክንያት ነው። ኤንፒኤሱ በአብዛኛው ከሞሮኮ በጅቡቲ በኩል ይመጣ ነበር። በጎረቤታችን በወለጋ፣ ጊምቢ አጠገብ ቢቂላል ላይም የፎስፌት ክምችት አለ።

አሁን ወደ ኪሳችን እንምጣ። 100 ኪሎ ዳፕ 46 ኪሎ ፎስፌት አለው፤ 100 ኪሎ ኤንፒኤስ 38 ኪሎ ነው ያለው። በዳፕ ጊዜ የለመድነው ልክ ለኤንፒኤስ አይሆንም ማለት ነው። ከረጢቱ ላይ የተጻፈውን አንብቡ፣ ልኩን የቀበሌ ባለሙያ ጠይቁ።

ሌላም አለ። ቀይና አሲዳማ አፈር ላይ ፋብሪካ ያሟሟውን ፎስፈረስ አፈሩ ውስጥ ያለው ብረትና አሉሚኒየም መልሶ ይይዘዋል። የገዛነው ማዳበሪያ መሬት ውስጥ እያለ ማሽላው ይራባል! ስለዚህ፦

• በብተና አትጣሉት፤ በመስመር፣ ከዘሩ ጥቂት ጣት ራቅ አድርጋችሁ አፈር አልብሱት።
• አፈራችሁን አስመርምሩ። አሲዳማ ከሆነ ከመዝራታችሁ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት የግብርና ኖራ ከአፈሩ ጋር ቀላቅሉ።
• ፍግና ኮምፖስት ጨምሩ፤ ፎስፈረሱ ቶሎ እንዳይያዝ ያግዛል።

ሰው ይህን ድንጋይ ያሟሟው በብዙ ድካምና ወጪ ነው። እኛ ማሳ ላይ መልሰን ድንጋይ አናድርገው። ለጎረቤት አጋሩት።