የጫጩት ጆሮና ካልሲየም ያዥ ፕሮቲኖች

ቃላሚኖ ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ በፈተና ተመርጠው የሚገቡ ተማሪዎች ወደሚማሩበት የመቀሌው ልዩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይሄዳል። በዚያ ላለ የባዮሎጂ ተማሪ የሚስማማ አንድ ጥያቄ አለ፤ ጫጩት ከእንቁላል ሳትወጣ ትሰማለች?

መልሱ፣ አዎ ነው። እንቁላል በ21 ቀን ይፈለፈላል። ጆሮ የሚሆነው አካል በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት መልክ መያዝ ይጀምራል። ድምፅ ተቀባዮቹ፣ ጫፋቸው ፀጉር መሰል የሆኑት ሕዋሳት፣ ከስድስተኛው ቀን ገደማ ጀምሮ ይለያሉ። በ12ኛው ቀን አካባቢ ሽሉ ለከፍተኛና ጎርናና ድምፅ ምላሽ መስጠት ይጀምራል።

ድምፅ ፀጉሮቹን ሲያዘነብላቸው ካልሲየም ወደ ሕዋሱ ይገባል፤ መልእክቱ ወደ ነርቭ የሚተላለፈውም በዚሁ ካልሲየም ነው። ሆኖም መጠኑ ከበዛ ሕዋሱን ይጎዳል። ስለዚህ ሕዋሱ ካልሲየሙን ይዘው ልክ የሚያበጁለት ፕሮቲኖች ያስፈልጉታል። ካልቢንዲን፣ ካልሬቲኒንና ፓርቫልቡሚን 3 የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ካልቢንዲን መጀመሪያ የተገኘው በጆሮ ውስጥ አይደለም፤ ዋሰርማንና ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1966 ያስታወቁት በጫጩት አንጀት ውስጥ አግኝተውት ነው። ፀጉር መሰሎቹ ሕዋሳት ሲበስሉ እነዚህ ፕሮቲኖች በብዛት ስለሚታዩባቸው፣ ተመራማሪዎች ሕዋሳቱን ከደጋፊ ጎረቤቶቻቸው ለመለየት እንደ ምልክት ይጠቀሙባቸዋል።

ምልክቱ ለእኛም ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1988 ሁለት የምርምር ቡድኖች በዶሮና በድርጭት ላይ ባደረጉት ጥናት፣ በኃይለኛ ድምፅ የሞቱ የጆሮ ሕዋሳት በአዲስ እንደሚተኩ አሳዩ። ምንጫቸው ደጋፊዎቹ ሕዋሳት ናቸው። አዲስ የተወለደው ሕዋስ በእርግጥ የመስሚያ ሕዋስ መሆኑ ከሚረጋገጥባቸው መንገዶች አንዱ ደግሞ እነዚህን ፕሮቲኖች መያዙ ነው። የሰው ልጅ በእያንዳንዱ ጆሮው ያሉት እንዲህ ያሉ ሕዋሳት 15 ሺህ ገደማ ናቸው፤ አንዴ ከሞቱ አይተኩም።

የሕግ ሰው እንደመሆኔ "ሊተካ የማይችል ጉዳት" የሚለውን ሐረግ በየአቤቱታው አነባለሁ። እንደ ጆሮ የሚገልጸው ግን ጥቂት ነው። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በትግራይ የተካሄደው ጦርነት የከባድ መሣሪያ ፍንዳታ ምን እንደሆነ ለመቀሌ ነዋሪ አሳይቷል፤ ፍንዳታ ደግሞ እነዚህኑ ሕዋሳት ይገድላል። ስትሬፕቶማይሲንን፣ ካናማይሲንንና ጄንታማይሲንን የመሳሰሉ መድኃኒቶችም እንዲሁ። የዓለም ጤና ድርጅት መድኃኒት ለተላመደ የሳንባ ነቀርሳ ካናማይሲን እንዳይሰጥ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ መክሯል።

የጫጩቷ ምስጢር ለሰው መድኃኒት እስኪሆን ድረስ በእጃችን ያለው መከላከል ብቻ ነው፤ እንዲህ ያለ መድኃኒት ሲታዘዝ በፊትም በመሐልም የመስማት ምርመራ መጠየቅ፣ በትምህርት ቤትም "አይሰማም" የሚባለውን ልጅ ከመቅጣት በፊት ጆሮውን ማስመርመር።