የአራን ሹራብና ስማቸው ያልተጻፈው ሴቶች

ነጭ ሹራብ ሊገዛ አየርላንድ ውስጥ አንድ ሱቅ ጎራ ያለ ቱሪስት ከሹራቡ ጋር ታሪክም ይሸጥለታል። ከጎልዌይ የባሕር ወሽመጥ ወጣ ብለው በሚገኙት ሦስቱ የአራን ደሴቶች እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ የሹራብ ንድፍ ነበረው ይባላል። ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ የሰመጠ ሰው ሬሳው ከወራት በኋላ ሩቅ ዳርቻ ላይ ቢገኝ፣ ፊቱ ባይለይ እንኳ በሹራቡ የማን ልጅ እንደሆነ ይታወቅ ነበር። ሲሰሙት ልብ ይነካል፤ ለገበያም የሚመች ነው። ብቻ እውነት አይደለም።

ለዚህ ወሬ ስንቅ ያቀበለው ቲያትር ነው። ጸሐፌ ተውኔቱ ጆን ሚሊንግተን ሲንጅ ከ1898 ጀምሮ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ወደ ደሴቶቹ እየተመላለሰ ከሕዝቡ ጋር ኖሯል። በ1904 ደብሊን ውስጥ ለመድረክ በበቃው «ራይደርስ ቱ ዘ ሲ» በተሰኘው አጭር ተውኔቱ፣ ሁለት እኅትማማቾች ከሰመጠ ሰው ላይ የተወሰደ ካልሲ ይዘው የወንድማቸው መሆን አለመሆኑን ይመረምራሉ። ካልሲው ምንም ጌጥ የሌለው ተራ ካልሲ ነው። ታናሺቱ የምታውቀው በቁጥሩ ነው፤ ስትሠራው 60 ቀለበት ጀምራ 4ቱን ጥላ ነበር። ያወቀችው እንግዲህ የገዛ እጇን ሥራ ነው። ከጊዜ በኋላ ግን ካልሲው ሹራብ ሆነ፤ የአንዲት ልጅ የቀለበት ቆጠራም የዘር ምልክት ተባለ።

እውነተኛው ታሪክ ከዚህ ያጥራል። በ1891 የእንግሊዝ መንግሥት በድህነት ለተጎዳው ምዕራብ አየርላንድ አንድ የልማት ቦርድ አቋቋመና ዓሣ ማጥመድን ማስፋፋት ጀመረ። ከሌላ አካባቢ የመጡ አጥማጆችም ወደ ደሴቶቹ ብቅ አሉ። በብሪታንያ ወደቦች የአጥማጅ ልብስ «ጋንዚ» የሚባለው ጥቁር ሰማያዊ ሹራብ ነበር፦ ከቀጭን፣ ጠንካራ ክር ጥብቅ ተደርጎ፣ ዙሪያውን ያለ ስፌት የሚሠራ፣ ደረቱ ላይ ረጋ ያለ ጌጥ ያለው። እጅጌው የሚሠራው ከትከሻ ወደ አንጓ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሲለብሱት ቶሎ የሚያልቀው ጫፉ ስለሆነ፣ ከታች ተርትሮ በአዲስ ክር መቀጠል ይቻላል። የልጅ ክንድ ሲረዝምም እንዲሁ።

የአራን ሴቶች ይህን ልብስ ተቀብለው እንዳለ አልተዉትም። ክሩን አወፈሩት፤ ቀለም ያልነካውን ነጣ ያለ ሱፍ መረጡ፤ ደረት ላይ ብቻ የነበረውን ጌጥ መላ አካሉ ላይ አወረዱት። ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው እንደ ሹሩባ የተጎነጎነው ገመድ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ሦስት ቀለበት በትርፍ መርፌ ይያዝና ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ይደረጋል፣ ቀጣዮቹ ሦስቱ ይሠራሉ፣ ከዚያ የተያዙት ይከተላሉ። ከጥቂት መስመሮች በኋላ ይኸው ይደገማል። ገመድ ግን ዋጋ ያስከፍላል፤ ቀለበቶቹ ሲደራረቡ ጨርቁ ይሰበሰባል። ለአንድ ደረት ከለስላሳ ሥራ ይልቅ ብዙ ቀለበት፣ ብዙም ክር ይጠይቃል።

ታዲያ ለወፍራም ባልና ለቀጭን ልጅ አንዱን ንድፍ እንዴት ያዳርሱት ነበር? መልሱ ጎኑ ላይ ነው። የመሐሉ ሰፊ ጌጥና ግራና ቀኙ ያሉት ገመዶች እንዳሉ ይቆዩና፣ ከብብት በታች ያለው ሸካራ፣ ነጠብጣብ የሚመስል ሥራ ይሰፋል ወይም ይጠባል። እዚያ አሥር ቀለበት ቢጨመር ወይም ቢቀነስ የመሐሉ ሥዕል አይበላሽም። ይህን ብልሃት ያገኘ ሰው ስሙ አልተመዘገበም፤ ይሁንና ብዙ የአራን ሹራቦች ጎን ላይ ይታያል።

በ1930 ሙሪኤል ጋሃን የተባለች ሴት የገጠር ባለሙያዎች ሥራ የሚሸጥበት «ዘ ካንትሪ ሾፕ» የተባለ ቤት ደብሊን ውስጥ ከፈተች፤ የአራን ሹራብም ከተማ ገባ። ከስድስት ዓመት በኋላ ሃይንዝ ኤድጋር ኪዌ የተባለ የኦክስፎርድ ክር ነጋዴ ደብሊን ውስጥ አንዱን አገኘ። ሰውየው በሹራቡ ላይ ያየው የሺህ ዓመት ምሥጢር ነበር። በ1967 ባሳተመው መጽሐፍ ገመዶቹን «የኬልስ መጽሐፍ» በሚባለው ጥንታዊ የአየርላንድ የብራና ወንጌል ላይ ካሉት ሐረጎች ጋር አዛመዳቸው። ይህን ግምት በ1987 በወጣው የእጅ ሹራብ ታሪኩ ላይ ያፈረሰው ሪቻርድ ረት ነው። ረት የሌስተር ጳጳስ ሲሆን ራሱም ሹራብ ይሠራ ነበር። በእሱ ምርመራ የአራን ሹራብ የ20ኛው መቶ ዓመት ልጅ ነው። ይህ ሹራቡን ያሳንሰዋል የሚሉ አሉ። እንዲያውም ያከብረዋል፤ ጥንታዊ ከሆነ ሴቶቹ ገልባጮች ብቻ ናቸው፣ አዲስ ከሆነ ግን ፈጣሪዎቹ እነሱ ናቸው።

ዝናው አትላንቲክን የተሻገረው በዘፈን ነው። የአየርላንዳውያኑ ዘፋኞች የክላንሲ ወንድማማቾች እናት የኒው ዮርክ ብርድ ለልጆቿ አስግቷት የአራን ሹራብ ላከችላቸው፤ በ1961 በኤድ ሱሊቫን የቴሌቪዥን ትርኢት ላይ ለብሰውት ከባልደረባቸው ቶሚ ሜከም ጋር ዘፈኑ። ገዢው በረከተ። እዚህ ላይ ግን ሌላ ጣጣ ነበር። የደሴቷ ሴት ልኩን የምታውቀው በዐይኗ ነው፤ የምትሠራው ለባሏና ለልጇ እንጂ «መካከለኛ» ለሚባል የማታየው ሰው አልነበረም። ከዝናው ቀደም ብሎ ነጋዴው ፖድሪግ ኦ ሺሃን በመንግሥት ድጎማ አስተማሪ ወደ ደሴቶቹ አስልኮ ነበር፤ ሴቶቹ በዓለም አቀፍ ልክ እንዲሠሩ ለማሠልጠን።

በዚያው ዘመን አሜሪካ ውስጥ የተገላቢጦሽ ሥራ ትሠራ የነበረች ሴት አለች። በ1910 እንግሊዝ ተወልዳ ዊስኮንሲን የኖረችው ኤልሳቤጥ ዚመርማን የሠራችው የአራን ሹራብ በ1958 በቮግ የንድፍ መጽሔት ወጣ፤ በአሜሪካ መጽሔቶች ከታዩት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር። ከመጽሔት አዘጋጆች ጋር ግን አልተስማማችም። በ1955 ዙሪያውን ያለ ስፌት የሠራችውን ሹራብ፣ አንድ መጽሔት መመሪያውን ለውጦ ፊትና ኋላው ተለይቶ ተሠርቶ እንዲሰፋ አድርጎ አተመባት። በ1958 የራሷን ጋዜጣ ጀመረች፤ በ1959 የራሷን ማተሚያ አቋቋመች።

ለሠሪዎች የሰጠችው ከንድፍ ይልቅ ስሌት ነው። መጀመሪያ ትንሽ ናሙና ይሠራና በአንድ ሴንቲሜትር ስንት ቀለበት እንደሚገባ ይቆጠራል። ሁለት ቢሆንና የሹራቡ ዙሪያ 100 ሴንቲሜትር እንዲሆን ቢፈለግ፣ አካሉ 200 ቀለበት ነው። የቀረው ሁሉ ከዚህ ይወጣል፦ የእጅጌው ላይኛ ክፍል 33 በመቶ ወይም 66፣ አንጓው 20 በመቶ ወይም 40፣ አንገቱ 40 በመቶ ወይም 80። ክሩ ቢወፍር ወይም ለባሹ ቢቀጥን የሚለወጠው የመጀመሪያው ቁጥር ብቻ ነው። በዚህ ስሌት የአራን ሹራብ የሚሠራ ሰው ናሙናው ላይ ገመዶቹንም መጨመር አለበት፤ በለስላሳ ሥራ የተለካ ቁጥር ይዞ ከገባ፣ ገመዱ ጨርቁን ሰብስቦት ለ100 ሴንቲሜትር የታሰበው ሹራብ ደረት ላይ ጠቦ ይወጣል።