ነጋሪት ያልተጎሰመለት ለውጥ

ዐፄ ሱስንዮስ ነጋሪት አስጎስመው አዋጅ አስነግረዋል። አዋጅ ማስነገር ግን ማስረዳት አይደለም። ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ የጾሙን ቀን፣ የበዓሉን አቆጣጠር፣ የክህነቱን ሥርዓት በአንድ ጊዜ ልለውጥ አለ፤ ሕዝቡ ተነሣ። በ1632 (እ.ኤ.አ.) ንጉሡ የወይና ደጋውን ጦርነት ቢያሸንፉም ከብዙ ሺህ ሬሳ በኋላ የቀደመውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ጎንደርን የመሠረተው ይኸው ልጅ ነው።

ይህን ታሪክ ያስታወሰኝ ከደም ጋር ፈጽሞ የማይነጻጸር ነገር ነው፦ የዊኪፔዲያ ሥዕል አከፋፈት።

በ2014 ዊኪሚዲያ ፋውንዴሽን ሥዕል ሲነካ ገጹን ሸፍኖ በጥቁር መደብ ላይ እንዲከፈት አደረገ። ለመሐንዲሶቹ ትንሽ ማስተካከያ ነበረች። የጀርመንኛው ዊኪፔዲያ በጎ ፈቃደኞች ግን የፎቶው ባለቤትና የአጠቃቀም ፈቃዱ ተደበቀ ብለው ድምፅ ሰጡ፤ ፈልጎ ላበራው ሰው ብቻ ይሁን አሉ። አንድ አስተዳዳሪ ኮዱን ነክቶ አጠፋው። ፋውንዴሽኑ በኦገስት «ሱፐርፕሮቴክት» የተባለ አዲስ ቁልፍ ሠርቶ ገጹን ቆለፈባቸው። ደመወዝ የማይከፈለውን ሰው በቁልፍ! ተቃውሞው ከጀርመንኛው አልፎ ሄደ፤ ቁልፉ የተነሣው በኖቬምበር 2015 ነው።

ከዚያ የተማሩ ይመስለኛል። የኮምፒውተሩን ገጽ አዲስ መልክ ከ2020 ጀምሮ በጥቂት ቋንቋዎች ላይ እየሞከሩ፣ እየጠየቁ፣ በትንሽ በትንሹ አወጡት። እንግሊዝኛው ላይ የደረሰው በጃንዋሪ 2023 ነው። ያኔም የጽሑፉ ስፋት ጠበበ የሚል ጩኸት ነበር፤ ማስፊያ ቁልፍና ወደ ድሮው መልክ መመለሻ መንገድ ስለተተወ ግን ነገሩ እንደ 2014ቱ አልከረረም።

እኛስ? የአማርኛው ዊኪፔዲያ ከ15 ሺህ በላይ ጽሑፎች በጥቂት ሰዎች ትከሻ ላይ ናቸው። የቁልፎቹን የአማርኛ ስም ሳይቀር የተረጎሙት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ስለ ለውጥ የሚነገረው ግን በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው። በአዲሱ መልክ የቋንቋዎቹ ዝርዝር ከግራ ጠርዝ ተነሥቶ ራስጌ ላይ ካለች ቁልፍ ውስጥ ገባ። ደባርቅ ኢንተርኔት ቤት ተቀምጦ ከእንግሊዝኛው እያመሳከረ የሚጽፍ ልጅ ዝርዝሩን ሲያጣ ኮምፒውተሩ የተበላሸ ነው የሚመስለው። ሒሳቡን ከፍሎ ይወጣል፤ ላይመለስም ይችላል።

የሚያስፈልገው ከሳምንት በፊት በአማርኛ የተጻፈ ሦስት መስመር ነበር፦ ዝርዝሩ የት እንደሄደ፣ ለምን እንደተዛወረ፣ የድሮውን መልክ የሚፈልግ ምኑን እንደሚነካ።