የወንዝ ዳር ዕፅዋት ታሪክ፦ ከሐርዲቦ ደለል እስከ ውርጌሳ ማሳ



ከደሴ ወደ ወልድያ የሚጓዝ ሰው ሐይቅንና ውጫሌን አልፎ በክረምት ውርጌሳ ሲደርስ፣ ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ አፈር ተሸክሞ ደፍርሶ ያገኘዋል። የዛሬው ንግግሬ የሚያነሣቸው ጥያቄዎች ሁለት ናቸው። ያን አፈር ከወንዙ በፊት የሚያስቀር ዕፅዋት ስለ ምን ከወንዝ ዳር ታጣ? ማንስ ይመልሰው?

የተለመደው መልስ፣ «ከመቶ ዓመት በፊት ከአገራችን 40 በመቶው ደን ነበር፤ ገበሬው ጨረሰው» የሚል ነው። የታሪክ ተመራማሪው ጄምስ ማካን ግን ይህ አኃዝ በቂ ማስረጃ ሳይኖረው ከጽሑፍ ወደ ጽሑፍ ሲሸጋገር መኖሩን አመልክተዋል። ለወሎ ደግሞ ሁለት የቅርብ ምስክሮች አሉን።

አንደኛው ከሐይቅ ከተማ ብዙ የማይርቀው የሐርዲቦ ሐይቅ ደለል ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ የአበባ ብናኝ ጥናት እንደሚያሳየው፣ የዝግባና የጽድ ደን ከክርስቶስ ልደት በፊት 500 ዓመት ገደማ ጀምሮ በቁጥቋጦና በሣር ተተክቶ ነበር። በ1400 እና በ1700 መካከል ጽድ ከወይራ ጋር መልሶ ተስፋፋ፤ ባለፉት ሦስት መቶ ዓመታት ደግሞ እንደገና ተመነጠረ። ስለዚህ የደኑ ታሪክ ቁልቁል ብቻ የሚወርድ መንገድ አይደለም።

ሁለተኛው ምስክር ፎቶግራፍ ነው። ዶናልድ ክራሚ እ.ኤ.አ. በ1937 የተነሡ የወሎ ሥዕሎችን ከስድሳ ዓመት በኋላ ከነበረው መልክዓ ምድር ጋር አነጻጽረው፣ ዛፉ ጨምሮ እንጂ ቀንሶ እንዳላገኙት ጽፈዋል።

እንግዲህ ዛፍ ከጨመረ ውሃው ስለ ምን ይደፈርሳል? የእኔ መልስ፣ ጉዳዩ የዛፍ ቁጥር ሳይሆን የዛፉ ቦታ ነው የሚል ነው። ከ1977ቱ ረሃብ ወዲህ በምግብ ለሥራ የተሠራው እርከንና ከንክኪ ነፃ የተደረገው መሬት በአመዛኙ ገደላገደሉንና ተራራውን ያየ ነበር። አዋጅ ቁጥር 456/1997ም ተዳፋትነቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት እንዳይታረስና ልቅ ግጦሽ እንዳይሰማራበት ደንግጎ ነበር። ተራራው የጋራ ስለነበር መከለሉ ቀለለ። የወንዝ ዳር ግን የመስኖ መሬት ነው፤ ገበሬው ሽንኩርቱንና ፍራፍሬውን የሚያለማበት፣ በድርቅ ዘመን ቤተሰቡን የሚያተርፍበት ነው። ስለዚህ ማረሻው እስከ ውሃው አፋፍ ደረሰ።

በአሁኑ አጠራር «ባፈር ዞን» የምንለው የዕፅዋት መቀነት ሥራው ግልጽ ነው። ጥቅጥቅ ያለ ሣር የጎርፉን ፍጥነት ይሰብራል፤ አሸዋው ቶሎ ይዘቅጣል፤ ረቂቁን ሸክላ ለመያዝ ግን ሰፋ ያለ መቀነት ያስፈልጋል። ከአፈሩ ጋር የተጣበቀው ፎስፈረስም አብሮ ይቀራል። የሾላና የዋንዛ ሥር አፋፉን ያጸናል። ባሕር ዛፍ ብቻውን ይህን አይተካም፤ ከሥሩ የሚበቅለው ሣር ስስ ነውና ጎርፉ ያለ ከልካይ ያልፋል።

«ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ይላሉ አባቶቻችን። አፋፉ በየክረምቱ ጥቂት በጥቂት ሲናድ ገበሬው የመቀነቱን ቦታ በገዛ እጁ ሳይሰጥ ወንዙ ይወስድበታል። ያም ሆኖ ግማሽ ሄክታር የማይሞላ ማሳ ላለው ሰው ጥቂት ሜትር እንዲተው መጠየቅ ቀላል ነገር አይደለም። የታችኛው መንደር ለሚያገኘው ንጹሕ ውሃ ዋጋውን የላይኛው ብቻ መክፈል የለበትም። መቀነቱ የሚታጨድ ደሾ ሣርና ለገበያ የሚሆን ማንጎ ከያዘ፣ የተተወ መሬት መሆኑ ቀርቶ ሌላ ማሳ ይሆናል።

ታሪክ የሚያስተምረን ገበሬውን መክሰስን አይደለም። ይህ ምድር አንድ ጊዜ ደኑን መልሶ አብቅሏል። ለእናንተ ተማሪዎቼ የምተወው ሥራም ከተራራው ወርዳችሁ የወንዙን ዳር እንድትለኩ፣ ከመለካታችሁም በፊት ባለማሳውን እንድትጠይቁ ነው።